ከሁሉ የሚበልጠው የፊልም ተዋናይ ማነው? ሳትጣሉ እንዴት ትከራከራላችሁ

ጸጉር ቤታችን ሦስት ወንበር፣ ከዳር እስከ ዳር የሄደ መስታወትና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን አላት። ማሽን ይዤ መቆም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተራ የሚጠብቁ ወንዶች የማይከራከሩበት ነገር የለም። ስለ ኳስ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኪና ዋጋ። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው አንዱን ነው፤ የዓለም ምርጡ የፊልም ተዋናይ ማነው የሚለውን።

ኳስ ጎል አለው። ዘጠና ደቂቃው ሲያልቅ ውጤቱ ይታወቃል። ትወና እንዲህ አይደለም። መለኪያውን ራሳችሁ ይዛችሁ መምጣት አለባችሁ። ደስ የሚለውም፣ የሚያጣላውም ይኸው ነው።

እንደሚያጣላ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ደንበኞቼ ስለ ዴንዘል ዋሽንግተንና ስለ አል ፓቺኖ ጀመሩ። አንዱ ወንበር ላይ ነው፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። «ዴንዘል ነዋ!» «ፓቺኖ እያለ?» «አንተ ደግሞ ፊልም መቼ ታውቃለህ!» ተባባሉ። ወንበር ላይ የነበረው ግራ ጎኑ ተቆርጦ ቀኝ ጎኑ ሳይነካ ፎጣውን ከአንገቱ አውልቆ ተነሳ። እጁን ይዤ፣ ለምኜ ነው ያስቀመጥኩት። የቀረውን ስቆርጥለት ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከማሽኑ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለቱም ፊልም ነፍሳቸው ነው። ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ስለ አንድም ትዕይንት ቃል አልተነፈሱም። የተወራወሩት ስም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሥርዓት አበጀን። እየሞከርን፣ እያስተካከልን አሁን ደህና ይሠራል። እናንተም ቤታችሁ፣ ካፌ ወይም ዶርም ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አክተር» ስትሉ ማንን ነው?

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ ይቆማል። ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ መስኮቱ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ፊልም ውስጥ ያለ ሰው ለእኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ አክተሩና ሌባው። አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ከሞተ ፊልሙ አይረባም። ወጥተን ስንከራከርም ጥያቄው አንድ ነበር። «አርኖልድና ስታሎን ቢደባደቡ ማን ያሸንፋል?» ብሩስ ሊ ይመጣል፣ ቫንዳም ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ይህን ያነሳሁት ብዙ አዋቂ ዛሬም የሚከራከረው ያንኑ ስለሆነ ነው። ቃሉ ራሱ ያሳስተናል። «አክተር» ስንል አንዳንዴ ጀግናውን፣ አንዳንዴ ዝነኛውን፣ አንዳንዴ ደግሞ ትወና የሚችለውን ሰው ማለታችን ነው። አንዱ ስለ ጀግና ሌላው ስለ ትወና እያወራ እስከ ማታ ቢከራከሩ አይገናኙም። ብሩስ ሊ ዓለምን ያስደመመ ሰው ነው። እሱ ላይ ክፉ አይወጣኝም። ግን የእሱን እግርና የሌላውን ትወና አንድ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡ ሁለቱንም ትበድላላችሁ።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። የእኛ ቤት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ካሜራ ፊት ሌላ ሰው ሆኖ በማሳመን ከሁሉ የበለጠው ማነው?» እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ብቻ ምረጡ።

ቀጥሎ፣ የምትመዝኑት የአንድ ፊልም ከፍታን ነው ወይስ የዕድሜ ልክ ሥራን? አንቶኒ ሆፕኪንስ «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» (1991) ላይ ስክሪን ውስጥ የሚታየው ከ25 ደቂቃ አይበልጥም። በዚያችው የዋና ተዋናይ ኦስካር ወሰደ። ሜሪል ስትሪፕ ደግሞ ለኦስካር 21 ጊዜ ታጭታለች፤ በትወና እንደሷ የታጨ ሰው የለም። ሁለቱን ያለ ስምምነት ማወዳደር ኃይሌን ከዩሴን ቦልት ጋር እንደማሮጥ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ተነጋገሩ።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረን ግን ሌላ ነገር ነው። ከደንበኞቼ መሃል ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ክርክሩ ሲነሳ የሚጠሩት አንድ ስም ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ። መድረክ ላይ በዓይናቸው አይተውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ጋሼ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ሰው ብቻውን፣ በድምፅ ብቻ፣ ሙሉ መንደር ሆኖ ይሰማችኋል። ግን ጥያቄያችን የፊልም ተዋናይ ነው። መድረክ መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። ፊልም ይቀራል፤ ጋሼም የሃያ ዓመቱ ልጅም እኩል ሊያዩት ይችላሉ።

ይህን ለጋሼ መንገር ከብዶኝ ነበር። ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው የእኛ ሰዎች የተሸነፉት ካሜራ ስላልነበረን ነው በለኛ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደበበ እሸቱ 1973 ላይ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ተጫውቷል፤ ያንን ዛሬም ከፍተን ማየት እንችላለን። መድረክ ላይ የሠራውን ግን አብዛኛውን ማን ያሳየናል? ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ስንጀምር ይህቺን እናስቀድማለን፤ የምንፈርደው ካሜራ ካገኛቸው ሰዎች መሃል ብቻ ነው።

ኦስካር ቆጥራችሁ አትገላገሉም

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛ አለኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ክርክሩን በስልኩ ሊጨርሰው ይሞክር ነበር። «ዳንኤል ዴይ ልዊስ፣ ሦስት ኦስካር፣ አለቀ!» ይላል። እውነት ነው፤ በዋና ተዋናይነት ሦስት የወሰደ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ግን አላለቀም። ካትሪን ሄፕበርን በዋና ተዋናይነት አራት አላት። የመጀመሪያውን ባገኘችበት ፊልምና የመጨረሻውን ባገኘችበት ፊልም መሃል 48 ዓመት አለ። ቁጥር ከሆነ የምንከተለው፣ መልሱ እሷ ናት፤ ወደ ቤት እንግባ።

ሽልማት የሚሰጡት ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። እነሱ ያላዩትን አይሸልሙም። ጃፓናዊው ቶሺሮ ሚፉኔ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሁለት ጊዜ ምርጥ ተዋናይ ተብሏል፣ 1961 እና 1965 ላይ። ለኦስካር ግን አንድም ጊዜ አልታጨም። በእኛ ሀገር ስንቱ በፍቅር ያየው አሚታብ ባቻንም እንዲሁ። ፒተር ኦቱል በትወና ስምንት ጊዜ ታጭቶ አንዱንም አላሸነፈም፤ በኋላ የክብር ሽልማት ነው የሰጡት።

ያ ግማሽ ጭንቅላቱን ተቆርጦ የተነሳው ደንበኛዬ ደግሞ የተጣላበት ነገር 1993 ላይ በይፋ ተፈርዶበታል። በዚያ ዓመት ዴንዘል «ማልኮም ኤክስ»ን በመጫወት ታጨ። ያሸነፈው ፓቺኖ ነው፤ «ሴንት ኦፍ ኤ ዉማን» ላይ ዓይነ ስውር መኮንን ሆኖ። ፓቺኖ በቀደሙት ዓመታት ስድስት ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን ነበር የተመለሰው። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ በ«ዘ ጎድፋዘር» ፊልሞች ማይክል ኮርሊዮኔን የተጫወተባቸው ናቸው። እኔ ያንን ምሽት የማየው እንደ ካሳ ነው። የቆየ ዕዳ ተከፈለ፤ የዴንዘል ደግሞ አዲስ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ። እሱም የዋና ተዋናይ ኦስካሩን ያገኘው 2002 ላይ ነው፣ በ«ትሬኒንግ ዴይ»። ሁለቱንም ፊልሞች ያየ ሰው የትኛው እንደሚበልጥ ይፍረድ። ለእኔ «ማልኮም ኤክስ» ነው።

ሌላም የምትጠነቀቁት አለ፤ መከራን ከትወና ጋር አታምታቱ። ሮበርት ዲ ኒሮ ለ«ሬጂንግ ቡል» (1980) ወደ 27 ኪሎ ጨምሯል። ክርስቲያን ቤል ለ«ዘ ማሽኒስት» (2004) ከዚያ የማያንስ ቀንሷል። ያስደንቃል። ግን ኪሎ የዝግጅት ጉዳይ ነው። ዲ ኒሮ የሚደነቀው እስር ቤት ውስጥ ግድግዳውን በጡጫና በግንባሩ እየመታ በሚያለቅስበት ሰዓት ነው። ያንን ሆድ አልሠራውም።

ስም አይደለም፣ ትዕይንት አምጡ

ይህ የሥርዓታችን እምብርት ነው። ማንም ሰው ስም ከመጥራቱ በፊት ትዕይንት ይዞ ይመጣል። ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በፍላሽ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ አንድ ፍላሽ አለን፤ ቴሌቪዥኑ ላይ እንሰካዋለን። መብራት ከጠፋ ላፕቶፕ አለ፤ ቻርጅ አድርጉት።

በመጀመሪያ ሳትናገሩ እዩት። አምጪውም «እዚህ ጋ ተመልከቱ፣ እዚህ ጋ!» እያለ አይረብሽ። ካለቀ በኋላ ሁለት ነገር አድርጉ። አንድ፣ ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙት። ፊቱን፣ እጁን፣ ትከሻውን እዩ። ሁለት፣ ድምፁን ከፍታችሁ ፊታችሁን አዙሩና ስሙት። ደካማ ትወና ከሁለቱ በአንዱ ይጋለጣል። ሙዚቃው እያስለቀሳችሁ እንደነበር፣ ተዋናዩ ግን ምንም እንዳልሠራ ድምፁ ሲጠፋ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛም አለ፤ የማይናገረውን ሰው እዩ። ጎበዝ ተዋናይ ሌላው ሲናገር ያዳምጣል። የማይችለው ተራውን ይጠብቃል። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በመስታወት ሳይ ነው የምውለው፤ የሚያዳምጥና ተራውን የሚጠብቅ ፊት ይለያሉ።

በራሱ በተዋናዩ ድምፅ እዩት። ይህን የምለው ትርጉም ፊልም ጠልቼ አይደለም። እኔም ያደግኩበት ነው፤ 2016 ላይ ቃና ሲጀምር ደግሞ ቤታችን ሁሉ የቱርክ ድራማ ተከታታይ ሆኗል። ግን በአማርኛ የሰማችሁት ድምፅ የእኛ ሀገር ባለሙያ ድምፅ ነው። ያለቀሳችሁት ለእሱም ይሆናል። ምስጋናውን ለእሱ ስጡ፤ ስትፈርዱ ግን ከነቋንቋው፣ ከታች ጽሑፍ ጋር እዩ።

ሁለት ትዕይንቶችን ልንገራችሁ፤ ቤታችን ውስጥ ብዙ ያነጋገሩ ናቸው።

የመጀመሪያውን ያመጣው የዴንዘሉ ደንበኛዬ ነው፤ የታክሲ ሹፌር ነው። ከታረቅን በኋላ «ትዕይንት አይደል ያልከው? እንካ» ብሎ ፍላሹን መስታወቱ ሥር አስቀመጠው። ፊልሙ «ግሎሪ» (1989) ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጋ የጥቁሮች ክፍለ ጦር። ዴንዘል ትሪፕ የሚባል ወታደር ነው። ከሰፈሩ ጠፍቶ ተይዟል፤ በጅራፍ ይገረፍ ተባለ። ሸሚዙን ሲያወልቁት ጀርባው በቆየ የግርፋት ጠባሳ ተሸፍኗል። ለእሱ ጅራፍ አዲስ አይደለም። ግርፋቱ ይጀመራል። ዴንዘል አይጮህም፣ ጥርሱን አያሳይም። አገጩን ከፍ አድርጎ ያስገረፈውን ወጣት ኮሎኔል ብቻ ያያል። ጅራፉ ሲያርፍ ፊቱ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ተመልሶ ይጸናል። ከዚያ አንድ እንባ ትወርዳለች። አንድ ብቻ። ዓይኑ ግን አልተሸነፈም። እንባዋ ስትወርድ ያፈረው ኮሎኔሉ ነው።

ድምፁን አጥፍተን ደገምነው። ምንም አልጎደለበትም። ሹፌሩ አንድ ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። ትሪፕ የጠፋው ጫማ ሊፈልግ እንደነበር በኋላ ነው የሚታወቀው። ይህን ሳስታውስ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

ሁለተኛውን ያመጣው ተማሪው ነው። ስልኩን ትቶ ፍላሽ ይዞ መጣ። ጥቁርና ነጭ፣ ጃፓንኛ፣ 1954 ላይ የተሠራ። ተራ ጠባቂዎቹ አጉረመረሙ። ፊልሙ የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ቶሺሮ ሚፉኔ ኪኩቺዮ የሚባል ሰው ነው፤ ሳሙራይ ነኝ ይላል፣ ግን የገበሬ ልጅ ነው። ፊልሙን ሙሉ ይፎክራል፣ ይዘላል፣ ያሽካካል። ወንበዴዎች መንደሩን ሊያጠቁ መጥተው ወንዝ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ይቃጠላል። የቆሰለች እናት ሕፃኗን አቅፋ ከእሳቱ ትወጣለች፣ ልጁን ታስረክብና ትወድቃለች። ኪኩቺዮ ሕፃኑን ታቅፎ ውሃው መሃል ይቆማል። ከኋላው ወፍጮው ይነዳል። ልጁን ያያል፣ እሳቱን ያያል። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ውሃው ውስጥ ቁጭ ይልና ይጮሃል። «ይህ ልጅ እኔ ነኝ! እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው!»

ያ ሁሉ ፉከራ፣ ያ ሁሉ ዝላይ ምን ሲደብቅ እንደነበር በዚያች ሰከንድ ይገባችኋል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ሙሉ ፊልሙን እንደገና እንድታነቡት ያደርጋችኋል። ፊታችንን አዙረን ድምፁን ስንሰማ ደግሞ ጃፓንኛ የሚችል አንድም ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ ሁሉም ገባው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያን ቀን ማሽኑን አጥፍቼ ነው ያየሁት፤ ወንበር ላይ የነበረውም ደንበኛ አልቸኮለም።

ሚፉኔና ኩሮሳዋ ከ1948 እስከ 1965 አሥራ ስድስት ፊልም አብረው ሠርተዋል። ዳይሬክተሩ ለተዋናይ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህ አስቡት። «ጥሩ ዳይሬክተር ስላገኘ ነው» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ግን እዚያው ትዕይንት ላይ ያሉትን ሌሎች ተዋናዮች አሳዩት። ዳይሬክተሩ ለሁሉም አንድ ነው።

ድምፅ ማጥፋት ስል፣ ቻርሊ ቻፕሊን ይህን ፈተና ከሁሉም በፊት አልፎታል። ንግግር ያለው ፊልም 1927 ላይ ዓለምን መለወጥ ጀመረ። እሱ 1931 ላይ «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር ሠራ። መጨረሻው ላይ ዓይነ ስውር የነበረችው አበባ ሻጭ አይታ አታውቀውም፤ የረዳት ሰው ሀብታም ነበር የሚመስላት። ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ በመዳሰስ ታውቀዋለች። ያን ጊዜ የቻፕሊንን ፊት እዩት። አበባዋን ይዞ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ ደስታና ሀፍረት አንድ ላይ። የድሮ ፊልም ነው ብላችሁ ከውድድሩ አታስወጡት።

ሚናውን ለሌላ ሰው ስጡት

ሁለት ትዕይንት እኩል ሲሆንባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህን ሚና ሌላ ጎበዝ ተዋናይ ቢይዘው ምን ይጠፋ ነበር? ብዙ ጊዜ በምናብ ነው የምንመልሰው። አንድ ቦታ ግን በተግባር ተሞክሯል። ማርሎን ብራንዶ «ዘ ጎድፋዘር» (1972) ላይ የማፍያውን አለቃ ቪቶ ኮርሊዮኔን ሆነ። ዲ ኒሮ በሁለተኛው ክፍል (1974) ያንኑ ሰው በወጣትነቱ ተጫወተው። ሁለቱም በዚያው አንድ ሰው ኦስካር አሸነፉ። ብራንዶ ሽልማቱን አልቀበልም ብሏል፤ ሆሊውድ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በሚያሳይበት መንገድ ተቃውሞ።

ጎን ለጎን እዩአቸው። ብራንዶ ሲቀረጽ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ግን ሽማግሌ ነው። ጉንጩ ውስጥ በተገጠመለት ነገር መንጋጋው ከብዷል፣ ድምፁ ሻክሯል። ዲ ኒሮ አብዛኛውን የሚናገረው ለሚናው ተምሮት በመጣው በሲሲሊ ቋንቋ ነው። አልቀዳውም። ግን የእጁ አጣጣል፣ ከመናገሩ በፊት የምትቆየው ዝምታ፣ ነገ ያንን ሽማግሌ እንደሚሆን ትነግራችኋለች። ብራንዶ ዛፉን ሠራ፤ ዲ ኒሮ ወደ ኋላ ሄዶ ችግኙን አበቀለ። የትኛው ይከብዳል? ጸጉር ቤታችን ይህንን ሁለት ሳምንት ተከራክሮበታል። እኔ ብራንዶ እላለሁ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ነው የጀመረው።

ሴቶቹስ?

ጸጉር ቤታችን የወንዶች ነው፤ ስለዚህ ለዓመታት አንድም ሰው የሴት ስም ሳይጠራ አለፈ። ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ መጥታ ቆማ አዳመጠችን። ስትወጣ «ተዋናይ ስትሉ ወንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በአማርኛ «ተዋናይ» ወንድንም ሴትንም ይይዛል። ኦስካር ለሁለት ስለከፈለው እኛም ሳናውቀው ለሁለት ከፍለነው ነበር።

የመጀመሪያውን የሴት ትዕይንት ጋሼ አመጡ፤ ከወጣትነታቸው ያልረሱት የህንድ ፊልም። «ማዘር ኢንዲያ» (1957)፣ ናርጊስ። በሬ የለም፣ ባል የለም፣ አራጣ አበዳሪው በር ላይ ነው። ሞፈር ቀንበሩን ራሷ ትጎትታለች፣ ጭቃው ውስጥ እየወደቀች። ገበሬ ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ ያንን ሲያይ እናቱን ነው የሚያየው። ሹፌሩ ከወሎ ገጠር ነው የመጣው። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ዝርዝራችሁን ስታወጡ ቢያንስ ሲሶው ሴት ይሁን። ስትሪፕን ስላወቃችሁ ብቻ አይበቃም።

አፍ ለአፍ ሳትቀማሙ

የድሮ ሰዎች ችሎት ሲቆሙ «ተጠየቅ» ብለው ነበር ነገራቸውን የሚጀምሩት። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይሰማል፤ ተራው ሲደርስ ይመልሳል። ጋሼ ይህንን ወደ ቤታችን አመጡት። ተቃዋሚ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ሐሳብ በራሱ አፍ ይደግመዋል። «አንተ የምትለው ዴንዘል አንድ እንባ ብቻ በማውረዱ ከሚያለቅሰው በላይ አሳይቷል ነው። ልክ ነኝ?» ሌላው «ልክ ነህ» ካለ በኋላ ብቻ ይቀጥላል። ጊዜ ይፈጃል። ግን «አንተ መቼ ታውቃለህ» የሚለው ቃል ከቤታችን የጠፋው በዚህ ነው።

ሰው ከስድስት አይብለጥ። አንድ ሰው ዳኛ ይሁን፤ ዳኛው የዚያን ቀን ትዕይንት አያመጣም። ፊልሙን ያላየ ሰው ስለፊልሙ አይፈርድም፤ ስለታየው ትዕይንት ብቻ ይናገራል። የተዋናዩ ትዳር፣ ፖለቲካው፣ ገንዘቡ ሌላ ቀን።

ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ስም ይጻፍና አጥፎ ያስቀምጥ። ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይጻፍ። ሁለቱን ወረቀት አስተያዩ። እኛ አሸናፊ አናውጅም። የማን ወረቀት ተለወጠ? የቱ ትዕይንት ለወጠው? የምንነጋገረው ያንን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ግዴታ ነው፤ ወረቀትህን የለወጠውን ፊልም ሙሉውን ማየት አለብህ። «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው። ሁለት ማታ ከፋፍዬ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የጨረስኩት።

የእኔ ወረቀት ላይ ለዓመታት አንደኛው ዴንዘል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚፉኔ፣ ዴንዘል፣ ናርጊስ ብዬ እጽፋለሁ። ሹፌሩ ወረቀቴን ሲያይ በጣም ቅር ብሎት ነበር። ትናንት ደውሎ ከወፍጮ ቤቱ የሚበልጥ ትዕይንት አግኝቻለሁ አለኝ፤ የቱ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቀዝቀዝ ይላል። ከሦስቱ ወንበር አንዱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ እጠብቀዋለሁ።